ሲነጋ የሚተኙ እንግዶች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ነገር ለቀቅ አለሽ? ቅባቱን በድምቡሼ ሻንጣ ልኬልሻለሁ። ክዳኑ ጠንካራ ነው፤ ጎረቤት ትክፈትልሽ እንጂ እንደ ልማድሽ በጥርስሽ እንዳትታገዪው፤ የቀሩሽ ጥርሶች ለሌላ ሥራ ይፈለጋሉ። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ትናንት ፀጉሬን እንኳ ታጥቤያለሁ።

እማዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ።

ይቺን ቃል በስልክ ልልሽ ስንቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። አዎ፣ ነግረውኛል። የአባዬን ነግረውኛል። የላክሻቸው ልጆች፣ ጓደኞቼ ድምቡሼና ጠበቃ፣ የመጡበትን አድርሰዋል፤ አትሥጊ። ግን እንዴት እንደነገሩኝ ስትጠይቂያቸው ግማሹን ይውጡታል፣ የኔን ገበና የሸፈኑ መስሏቸው። እኔ የምጽፍልሽ እነሱ የሚውጡትን ነው። ዓይንሽ ካስቸገረሽ ጠበቃ ታንብብልሽ፤ በዓይኗ ያየችው ስለሆነ አትደነግጥም።

ሲደውሉልኝ የጨርቅ ነጋዴዎች ባዛር አለ፣ ድምቡሼ ተጋብዛለች፣ ጠበቃ ደግሞ ለሻንጣ ተሸካሚነት ትከተላታለች አሉኝ። አመንኩ። ለምን አላምን? ድምቡሼ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ አለ ካሏት ሰማይ ቤትም ትሄዳለች። የገረመኝ የጠበቃ ነገር ነው። አንቺ ታውቂያታለሽ። የፍርድ ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ በክርክሯ ብቻ ጠበቃ ያልናት የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥታ ወደ ታች ማየት የምትፈራ ሴት፣ ያን ሁሉ ሰማይ አቋርጣ ሻንጣ ልትሸከም መጣች? «ናፍቃኝ ነው» አልኩና ልቤን አሞቅሁት።

አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላቸው ድምቡሼ አቀፈችኝና አልለቅ አለችኝ። ሰው እየገፋን ያልፋል፣ እሷ አንገቴ ሥር ሆና ትንፋሿ ይቆራረጣል። «አንቺ ልጅ፣ ቀጭኔ መስለሻል፣ ከስተሻል» አለችኝ ዓይኗን እየጠራረገች። ጠበቃ ደግሞ ገና ሰላም ሳትለኝ ከኋላዬ አጮልቃ አየችና «ባልሽስ?» አለችኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኳት።

መልሱ ዝግጁ ነበር፣ እማዬ። ለአንቺ ስለው የኖርኩት አይደል?

አሁን ልንገርሽ። አማችሽ መንገድ ላይ ነው፤ እሱ ውሸት አይደለም። የከባድ መኪና ሾፌር ነውና አንዱ አገር ጭኖ ሌላው አገር ያራግፋል። ግን መንገዱ ወደዚህ ቤት መምጣት ካቆመ ቆየ። ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አልተጣላንም። ብንጣላ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ሰው ረስቶት የሄደውን ቃል ሊጨርስ ይመለሳል። አልጋው ሥር አንድ ጥንድ የሥራ ጫማ ቀርቶበታል። ነገሬ ሁሉ የሚመጣው በዚያ ጫማ ነው፤ ልብ በዪልኝ።

ለምን ደበቅሽኝ እንዳትዪኝ። የደበቅኩት ከአንቺ ብዙም አልነበረም፤ ከአባዬ ነው። አባዬ ዕድሜውን እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ፈጅቶ ጆሮው ከመጋዙ ጋር የቀረ ሰው ነው፤ ስልክ ላይ ሲጮህ የኔ ጎረቤት ይሰማው ነበር። መጀመሪያ «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ይለኛል። ስነግረው «ታዲያ ለምን አትተኚም?» ይላል። ፀሐይ ለሁላችንም በአንድ ጊዜ እንደማትወጣ አንድም ቀን አላመነኝም። ቀጥሎ «ሾፌሬስ?» ይላል። «ሾፌሬ» ነበር የሚለው፣ እሱ ራሱ የቀጠረው ይመስል። ያንን ድምፅ «ሾፌርህ ሄዷል፣ አባዬ» ብዬ ልስበረው? አልሆነልኝም። መንገድ ላይ ነው ማለት ቀለለኝ።

ታዲያ ልጆቹን ቤት አስገባኋቸው። ያለችኝ አንዲት መኝታ ክፍል ናት፤ አልጋዬን ለቀቅሁላቸው፣ ጫማውን ሳሎን ወዳለው ቁም ሣጥን አዛወርኩ፣ እኔ እዚያው ሶፋው ላይ ሆንኩ። እግዚኦ የእንቅልፋቸው ነገር። ሰውነታቸው አገር ቤት ቀርቶ እነሱ ብቻ ነው የመጡት። እዚህ ሲነጋ እናንተ ጋ ገና የመኝታ ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ልጆቹ ወገግ ሲል ተያይዘው ይወድቃሉ፣ እኔ ከሥራ ውዬ ስመለስ ፊታቸው ላይ የትራስ መስመር ታትሞ ይነሳሉ። ማታ ሌላው ዓለም ሲተኛ ደግሞ ገበያ ይደራል፤ ይንጎዳጎዳሉ፣ ድስት ያንኳኳሉ፣ ይስቃሉ። የታች ቤቱ ጡረተኛ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ሲደበድብ ድምቡሼ «ቤት ውስጥ ነው እንዴ የሚቆፍሩት?» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሾርባ አቅርቤላት ማንኪያውን እንደያዘች አፏን ከፍታ ተኛች። ጠበቃ ማንኪያውን ከእጇ ወስዳ ሾርባውን ጨረሰችላትና «ደንበኛዬ ወክላኛለች» አለች። ሳቅሁ፣ እማዬ። ያ ቤት ሳቅ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ሳቁ መሀል ግን አንዲት ጥያቄ እንደ እሾህ ትወጋኛለች። «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ድምቡሼ ትጠይቃለች። ጠበቃ ትደግማለች። የዛሬን አምልጬ ስተኛ ነገ ይጠይቁኛል። ለምን ይሄን ያህል ፈለጉት ብዬ አልጠየቅኩም። ሰፈር የላካቸው መሰለኝ። «እሷ እዚያ ትዳሯ እንዴት ነው?» የምትል ሰው ከሰፈራችን ጠፍታ አታውቅም፣ ስሟን ሳልጠራልሽ ታውቂያታለሽ። ሐሜት አምጥተው ሐሜት ጭነው ሊሄዱ ነው አልኩ። እልህ ያዘኝ።

እንቅልፋቸውን ተጠቀምኩበት። ሥራዬ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚጀምረው፤ ሆቴል ውስጥ የአንሶላና የፎጣ ክፍል ነኝ፣ ማሽን አጥቦ የሚያወጣውን እየተቀበልን መተኮስና ማጠፍ ነው። ጠዋት ልወጣ ስል እነሱ እንደ ግንድ ወድቀዋል። ጫማውን ከቁም ሣጥን አወጣና ሶሉን ረጠብ አድርጌ በሩ ሥር አስቀምጠዋለሁ። አንድ ሰሀን ላይ የዳቦ ፍርፋሪ እበትናለሁ። ሻይ እቀዳና ግማሹን ራሴ ጠጥቼ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። ከሥራ ስመለስ «መጣ እኮ። እናንተ ተኝታችሁ ነው። ጫማውን ቀይሮ፣ አንድ ነገር ቀምሶ ሄደ» እላቸዋለሁ። ድምቡሼ ትበግናለች። «ይሄ ሰውዬ ባል ነው ወይስ ጅብ? ሲነጋ ይሰወራል እንዴ?» ትላለች። «ቀስቅሺን አላልንሽም?» ትለኛለች ጠበቃ። «አሳዘናችሁኝ» እላለሁ። ከዚያ ብርጭቆውን አጥባለሁ።

እነሱ ለምን እንደሚፈልጉት አሁን ነው የገባኝ። መርዶ ማለዳ ነው የሚነገረው፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ደጋፊ ባለበት። ለባል አስቀድሞ ሹክ ይባላል፤ እሱ አጠገብ ይቆማል፣ ስትወድቅ ይይዛል። እነዚያ ልጆች በሆዳቸው አባዬን ተሸክመው፣ የሚይዘኝን ሰው ሲጠብቁ ነበር። ማለዳ ሲሆን ደግሞ እንቅልፍ እንደ ጎርፍ ይወስዳቸዋል። እኔ ጫማ ሳረጥብ እነሱ በየቀኑ ሲነቁ «ዛሬም አመለጠን» እያሉ አንዷ በሌላዋ ታሳብባለች። የማስታውሰውን ልንገርሽ፤ ጠበቃ ድምቡሼን «ከተኛሁ ቆንጥጪኝ» ስትላት ሰምቼ፣ ድምቡሼ ደግሞ «እኔንስ ማን ይቀሰቅሰኛል?» ብላ ስትመልስ ወጥ ቤት ሆኜ ሳቄን አፈንኩ። የሚቆነጣጠጡት ለኔ እንባ መሆኑን መች አወቅሁ?

ደግሞ አንቺ በመሀል ደወልሽ። ትዝ ይልሻል? በምስል ነበር። ያቺን ባለ አበባ ሻሽሽን አስረሻል፣ ፈገግ ብለሻል። «አባዬስ?» አልኩሽ። «ጋደም ብሏል» አልሽኝ። «አማቼስ?» አልሽኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኩሽ። ድምቡሼ ከጎኔ ሆና ስልኩን አየችና ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ወረደ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «ሳሙና ገባብኝ» አለችኝ።

አሁን አሁን ሳስበው፣ ያ ሻሽ በየጥሪው አንድ ነበር። አስተሳሰሩ እንኳ አይለወጥም። ስልክ ስትደውዪ ጥቁርሽን አውልቀሽ ጎረቤት የምትደብቂልኝ መስሎ አይታየኝም ነበር። ድምቡሼ ነገረችኝ፤ ሻሹ የሷ ነው አሉ። ለስልክ ብላ ሰጥታሽ፣ ስትመጣም ላንቺ ትታው መጣች።

ከሁሉም ነገሬን ያበላሸው አንሶላ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የቤቱን አንሶላ አጥቤ ሳጥፍ ጠበቃ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ፣ ሌላውን ክንዴ እስኪደርስ ዘርግቼ፣ ደረቴ ላይ እያጠፍኩ ወረድኩ። ሥራ ቦታ ሁለት ሆነን ነው የምናጥፈው፣ አንዷ ከዚያ አንዷ ከዚህ፤ ቤት ውስጥ ግን ማን አለ? እጄ ለምዶታል። «እንዲህ ማጠፍ የት ተማርሽ?» አለችኝ። «ማሽን ሲበላሽ» አልኳት። መጥታ አንዱን ጫፍ ያዘች። ድሮ ግቢያችን ውስጥ አንቺና እሷ እንደምታደርጉት ጎትተን፣ ገጥመን፣ መልሰን ጎተትን። አንሶላውን ስታቀብለኝ «ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ነው የከረምነው መሰለኝ» አለች ለራሷ። ያልሰማሁ መስዬ ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ጫማው እዚያ ነበር። ቶሎ ዘጋሁት።

በማግስቱ ገና ሰማዩ ሳይለይ ከሶፋው ተነሳሁ። መብራት አላበራሁም። ጫማውን አወጣሁ፣ ቧንቧው ሥር ሶሉን አረጠብኩ፣ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ወደ በሩ ሄድኩ። በሩ አጠገብ ሁለት ወንበር አለ። ሁለቱም ላይ ሰው አለ።

ልጆቹ ተቀምጠዋል። ፊታቸውን በቀዝቃዛ ውኃ ስለታጠቡ ከግንባራቸው ይንጠባጠባል። ጠበቃ ቆንጥጣት ቆንጥጣት የድምቡሼ ክንድ ቀይ ሆኗል። ለብሰዋል፤ ጫማ ሳይቀር አድርገዋል። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል።

እማዬ፣ እኔ የነሱን ነጠላ አየሁ፤ እነሱ በእጄ ያለውን ጫማ አዩ። ውኃው ከሶሉ ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እኔ የማውቀው ያን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ጠበቃ፣ ያቺ አፏ የማያርፈው፣ ቀስ ብላ «ጫማውን አስቀምጪው፣ እህቴ» አለችኝ። አላስቀምጥም አልኩ። ካስቀመጥኩት የምትለውን ልትለኝ ነው። ደረቴ ላይ አቀፍኩት። «ማነው?» አልኩ። «ማነው በሉኝ እንጂ።» ድምቡሼ ተነስታ ልትናገር ጀምራ አቃታት፤ «ጋደም ብሎ…» አለችና ቀረች። ተዘርዝሮ አልተነገረኝም። ከዚያ በላይ ምን ይነገራል?

ጮኽኩ። አባዬ ስልክ ላይ ይጮህ እንደነበረው ጮኽኩ። ስወድቅ ግን መሬት አልነካሁም፤ አንዷ በቀኝ ገብታለች፣ አንዷ በግራ። ጫማውን ማን ከእጄ እንደወሰደው አላውቅም። የታች ቤቱ ጡረተኛ መጥረጊያውን ይዞ ተቆጥቶ ወጣ፤ በሩን ድምቡሼ ስትከፍትለት አየን፣ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደገፈና ኮፍያውን አውልቆ ደፉ ላይ ቆመ። ቋንቋችንን አያውቅም። ያም ሆኖ ብዙ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ብንንጎዳጎድም አልደበደበም።

ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ሲነግሩኝ ነው የባሰብኝ። ክረምቱ ሳይገባ ነው አሉኝ። እኔ ክረምቱን በሙሉ፣ በየጥሪው፣ «መንገድ ላይ ነው በዪው» እያልኩ ልኬልሻለሁ። ለአባዬ ብዬ። እሱ እንዳይሰበር ብዬ። ለካ ውሸቴን የምልክለት ሰው አልነበረም፤ አንቺ ተቀብለሽ ብቻሽን ነበር የምትይዢው። አንቺ «ጋደም ብሏል» ስትዪኝ እኔ «መንገድ ላይ ነው» ስልሽ፣ በዚያች ትንሽ ስልክ ውስጥ ሁለት ሴቶች የሌሉ ወንዶቻቸውን ሲጠብቁ ከረሙ።

ልጆቹ ስለ ጫማው አልጠየቁኝም። አንድም ቃል። ድምቡሼ በሁለተኛው ቀን ቤቱን ስትጠርግ አንስታ ጠረገችውና «ይሄን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፣ ገና አላለቀም» ብላ በላስቲክ አሰረችው። ጠበቃ ለአለቃዬ ደውዬ ምን ብዬ ፈቃድ እንደምጠይቅ ስታስጠናኝ ዋለች፤ እሷ በማታውቀው ቋንቋ። ደግሞ አንቺን አማንሽ። ድምቡሼ ናት የጀመረችው። መምጣት የፈለገችው እሷ ብቻ ነበረች አሉ፤ ለጠበቃ ፈቃድም አይሰጧት፣ አውሮፕላንም ያንቀጠቅጣታል። አንቺ ግን እምቢ አልሽ። ድምቡሼ በር ድረስ ሄደሽ «ሁለት ካልሆናችሁ አትሄዱም። አንዷ በቀኝ፣ አንዷ በግራ» አልሻት። «እናትሽ ደግሞ ሲያበዙት» አለች ድምቡሼ፣ «ባል ላለው ሰው አንድ መርዶ ነጋሪ አንሶ ነው?» አለችና ያለችውን ሰምታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ስልኩን አቀብዪው፣ ሰላም ልበለው» ማለት የተውሽው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከርኩ። ረጅም ጊዜ ነው፣ እማዬ። አባዬ ከመተኛቱ በፊት ነው፤ ለካ ያኔም ታውቂ ኖሯል።

ከነገ ወዲያ ይነሳሉ። እንቅልፋቸው አሁን ገና ነው የተስተካከለው፤ ሲነጋ ነቅተው ሻይ አፍልተው ይጠብቁኛል፣ ማታ በጊዜ ይተኛሉ። አገር ቤት ሲገቡ ደግሞ ይገለበጥባቸዋል። በቀትር ደጅሽ ላይ ሲያንጎላጁ ካየሻቸው አትቆጫቸው፤ ትራስ ስጫቸው። የኔን ሐዘን ተሸክመው መጥተው፣ የኔን እንቅልፍ ተሸክመው ነው የሚመጡት። ሻሹን ለድምቡሼ መልሺላት። ወዳጅ ዘመዱን ሁሉ፣ አባዬን የሸኙትን፣ አንቺን ያላስተዛዘኑሽ ጊዜ የለም ያሉኝን ጎረቤቶች፣ አንድ በአንድ እጃቸውን ሳሚልኝ። ያቺንም ሐሜተኛ ሳሚልኝ፤ ድንኳን ውስጥ ስታገለግል ከረመች አሉ። አምላክ ለሱ ነፍስ ዕረፍት፣ ላንቺ ጉልበት ይስጥልኝ። ደጅሽ ሰው አይጣ። እኔንም በሩን ከፍቼ የምገባበትን ቀን ያቅርብልኝ።

እና እማዬ፣ ስትደውዪ ልብስ አትቀይሪ። ጥቁርሽን እንደለበስሽ ደውዪልኝ። እኔም ሶፋው ላይ፣ አሁን እንደተቀመጥኩት ተቀምጬ አነሳልሻለሁ። ማን አለ ብለሽ ከኋላዬ እንድታዪ ስልኩን አላዞርም፤ አንቺም አትጠይቂኝም።

በቀኝም በግራም የያዝሽኝ፣
ልጅሽ